በወንድሜ እጆች የተለካው ገመድ

የመጨረሻው ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ነበር። ከዚያ መጀመር ያለብኝ መሰለኝ፤ ወንድሜን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነውና።

ወንድሜ በራችን ላይ ቆሞ ገመድ ይለካ ነበር። ሜትር አይጠቀምም። ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ገመዱን ከአንዱ እጅ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው እጅ ጣት ጫፍ ይወጥረዋል፤ ያ ለእሱ አንድ ልክ ነው። እጁ ረጅም ስለሆነ ክፍላችን ውስጥ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አይችልም፤ ወይ ቁም ሳጥኑን ይመታል፣ ወይ መስኮቱን። ስለዚህ ደፉ ላይ በጎኑ ይቆምና አንዱን እጁን ወደ ቤት፣ ሌላውን ወደ ግቢ ይሰዳል። በዚያ ሰዓት በራችንን የሚያልፍ ጎረቤት ጎንበስ ብሎ በእጁ ሥር ነው የሚያልፈው።

«ትንሹ፣ ያዝልኝ» አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ትንሹ ነኝ።

ቤት ውስጥ ያለውን ጫፍ ያዝኩለት። ወጠረው። ከዚያ አራት ጣት ጨመረና በፒንሳ ቆረጠው።

«ይኸው እትዬ፤ አንድ እኔ።»

እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ድሮ ጎረቤታችን ነበሩ። ከእኛ ኋላ ያለው ሰፈር ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አሁንም እሪ በከንቱ፣ እኛ ሰፈር ድረስ ይመጣሉ። ያን ቀን የመጡት ቁም ሳጥን ላይ ያለው የሟች ባለቤታቸው ቴፕ ድምፅ አልጋቸው ራስጌ ካለው ስፒከር እንዲደርስላቸው ፈልገው ነው። ሲገቡ ገና ከበሩ «አንተ ምሰሶ፣ ቤት ነህ?» ብለው ተጣሩ። እሱም «ቤቱን ማን ደግፎት ይቁም እትዬ? አለሁ፣ ይግቡ» አላቸው።

«አንድ አንተ ማለት ስንት ነው?» አሉት ገመዱን እያዩ።

«ተለክቼ አላውቅም። አባታችን ግን ልብስ ሰፊ አልነበሩ? ሰው እጁን ሲዘረጋ ቁመቱን ነው የሚያህለው ይሉን ነበር።»

«እንግዲያው አንተን ግድግዳዬ ላይ ልዘረጋህ ነዋ!»

«ካልተመቸሁዎት አጥፈው ያስቀምጡኛል» አለና ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አራት ጣቷ ለምን እንደሆነች ላስረዳ። ጃኩ ላይ፣ ማለትም ቴፑ ላይ የሚሰካው ብረት ላይ፣ ለመበየድ የገመዱ ጫፍ መላጥ አለበት፤ ሲላጥ ያጥራል። ደግሞ አንድ ቀን ከጃኩ ሥር ቢበጠስ ተቆርጦ እንደገና የሚበየድበት ትርፍ ያስፈልጋል። ወንድሜ ያቺን ትርፍ ሳይተውለት የቆረጠው ገመድ የለም።

ሥራው ይሄ ነበር። የድምፅ ገመድ፤ ከማይክ፣ ከቴፕ፣ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄድ። ከአልጋው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ሥራ ቤቱ ናት። ጫፏ የሾለ የመበየጃ ካውያ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቁር ናስትሮ። ሲበይድ የሚወጣው ጭስ ትራሳችን ውስጥ ሁሉ ይገባል። እናታችን ታማርራለች፤ «ልጆቼ እንደ ጋራዥ ይሸታሉ» ትላለች።

እኔ ደግሞ ገመድ እሸጣለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ፒያሳ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጠርኩ። እዚያ የሚሰቀለው ተሠርቶ የመጣው ነው። በላስቲክ የታሸገ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ የሚመስል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ገመድ ነበር፤ የእሱና የእኔ። በዚህ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን አላስታውስም።

«አንዱን ገመድ ይዘህ ግማሽ ቀን ታጎነብሳለህ» እለዋለሁ። «እኔ ጋ ከማንጠልጠያው አውርዶ መሄድ ነው።»

«ያንተ ገመድ እንደ ዝግጁ ሱሪ ነው።»

«ሱሪ እዚህ ምን አገባው?»

«ቁርጭምጭሚት ላይ ያልቃላ!»

ሰዎች በእጅ የተሠራ ገመድ ድምፁ ይበልጣል እያሉ ያሞግሱታል። እሱ ግን እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ድምፅ ድምፅ ነው፤ ዋናው መድረሱ ነው» ነው የሚለው። የእሱ ጉዳይ ርዝመት ነበር። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዝግጁ የሚባል ነገር በልኩ ሆኖለት አያውቅም። ሱሪው ያጥረዋል። የሸሚዙ እጅጌ ስለሚያጥረው ሆን ብሎ እንዲመስል ይጠቀልለዋል። ብርድ ልብሱ ወይ ትከሻውን ወይ እግሩን ይመርጣል። አልጋው ግርጌ እናታችን በርጩማ ታስቀምጥለታለች፤ እግሩ የሚያድረው እዚያ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ጉልበቱ መተላለፊያውን ይዘጋል። አንዴ ረዳቱ «ብራዘር፣ የጉልበትህን ለብቻ ትከፍላለህ» አለው፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ግን ቤት ስንገባ እግሩን ዘርግቶ ብዙ ቆየ።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደዋል። ገመድ በክርን ላይ ሲጠቀለል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠቀልለው፤ በመዳፍና በክርን መሐል እያዞረ፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ። ያንን ሲያይ የማንም ሰርግ ይሁን፣ የማንም አዳራሽ፣ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል። «ተው! ውስጡን እኮ ነው የምትጠመዝዘው!» ይላል። ከዚያ ተቀብሎ ራሱ ይጠቀልለዋል፤ አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር፣ በመዳፉ ላይ ብቻ፣ ገመዱ ራሱ መሄድ ወደሚፈልግበት። እንደዚያ የተጠቀለለ ገመድ ጫፉን ይዘህ ስትወረውረው አንድም ቦታ ሳይቋጠር ይዘረጋል። ያንን መወርወር ይወድ ነበር። ልጅ ሆኜ ግቢው ውስጥ እየወረወረ ያሳየኝ ነበር።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

የእትዬን ገመድ አንዱን ጫፍ በየደላቸው። ሌላኛው ጫፍ አልሆነም። ቴፑ የድሮ ስለሆነ ቀዳዳው ክብ ነው፤ እንደዚያ ያለ ጃክ እቤት አልነበረውም። ልጃቸው ከሱቅ የገዛላቸውም ገመድ አልገባ ያለው ለዚሁ ነው። እትዬ ያንን የታሸገውን ገመድ ከቦርሳቸው አውጥተው ሲያሳዩት ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«አምስት ኪሎ የድሮ ዕቃ የሚፈታ ልጅ አለ፤ ከእሱ ጃኩን አመጣለሁ። ነገ ጠዋት ይምጡ፣ አልቆ ይጠብቅዎታል» አላቸው። እሺ ብለው፣ መርቀውት ሄዱ። ገመዱን አንድ ከላይ አንድ ከሥር አድርጎ ጠቅልሎ ከጠረጴዛው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ እኔን ጠቆመኝ።

«ሁለተኛውን ጫፍ አንተ ነህ የምትበይደው።»

«እኔ የታሸገ ነው የምሸጠው።»

«አንድ ቀን እንኳ ያልታሸገ ንካ፣ ፋራ።»

ወደ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ጨለም አለ። ቀና ስል እሱ ነው፤ ብርሃኑን ጋርዶ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰብሮ። ትከሻው ላይ የማይክ ገመዶች አሉ። ቴዎድሮስ አደባባይ ለአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ሊያስረክብ ነው፤ ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ፣ ለእትዬ ጃክ። የተሰቀሉትን ገመዶቼን በጣቱ እያወዛወዘ፣

«እነዚህ ድንክ ልጆችህ እንዴት ዋሉ?» አለኝ።

«ይሸጣሉ፤ አንተን ጦምህን አያሳድሩህም።»

«ሲያድጉ ጥራኝ።»

ከዚህ ሌላ የተናገርነው የለም። ከዚህ የተሻለ ነገር ተናግረን ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይሄው ነው።

ቁልቁለቱን ወረደ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። እሱ አይጠፋም። ራሱ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ እየተንሳፈፈ ወረደ፣ ወረደ። አንዴ ሰላም የሚለው ሰው አግኝቶ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ደንበኛ ጠራኝና ገባሁ። አሁንም ሱቁ በር ላይ ስቆም ዓይኔ ቁልቁል ይሄዳል፤ ከራሶች በላይ ራስ ይፈልጋል። ፒያሳ ግማሿ ፈርሳ በቆርቆሮ ታጥራለች፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ድሮ ከማየው ይልቅ አሁን ሩቅ ድረስ ይታያል። ሩቅ ድረስ ባይታይ ይሻለኝ ነበር።

ገመዶቹን አስረክቧል። አደባባዩ ጋ የአምስት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አብረውት የተሰለፉት ደክሞት መሰላቸው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ «ተነሳ፣ ደረሰህ» አሉት። አልተነሳም። ሰዎች አንስተው ሆስፒታል ወሰዱት። ደውለውልኝ ስደርስ አልቋል። ልቡ ነው አሉን። ወንድሜ ታሞ አያውቅም ነበር።

ስለዚያ ምሽት አልጽፍም። አልችልም።

ጠዋት ድንኳኑ ተተክሏል። የእድራችን ዳኛ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አባታችንን ያስቀበሩት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል የሚወጣው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገሩኝ።

«እስከዚያ ሳጥኑን እናምጣ ልጄ። ዝግጁ ሞልቷል፤ አታስብ።»

ዝግጁ ሲሉ ቀና አልኩ።

«አባባ፣ ዝግጁው አይሆነውም።»

«ምነው?»

«ያጥረዋል።»

እኔ የታየኝ ጉልበቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥፈው የኖረው ጉልበቱ። በርጩማው ታየኝ። አሁንም ታጥፎ እንዲተኛ ነው? አንገቱን ሰብሮ? ይሄንን ብቻ አልፈለግሁም። ሌላ ምንም የምፈልገው ነገር አልነበረም።

«በልኩ ይሠራለት እንዳንል፣ ቁመቱ ስንት ነው?» አሉ ዳኛው። «ወጥቶ ከተለካ በኋላ ሥራ ቢጀመር ለዘጠኝ አይደርስም።»

ስንት እንደሆነ አላውቅም። ማንም አያውቅም። እናቴን መጠየቅ አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ብድግ ብድግ አሉ። አንዱ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ «እዚህ ድረስ ነበር» አለ። ሌላው «ኧረ ይበልጣል፤ እዚህ ነው» አለ፣ ከዚያ ከፍ አድርጎ። ሦስተኛው ዝቅ አደረገው። ሁሉም እጃቸውን አየር ላይ ይዘው ቆሙ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ልክ። ወንድሜ በእጆቻቸው ሥር ያለ መሰለኝ። ሳያቸው ማልቀስ ጀመርኩ፤ እነሱም እጃቸውን አወረዱ።

በዚህ መሐል እትዬ መጡ። አልሰሙም ነበር። ለገመዳቸው ነው የመጡት፤ ነገ ጠዋት ይምጡ ተብለው። ድንኳኑን ሲያዩ መጀመሪያ የሞተችው እናታችን መስላቸው ነበር። ከዚያ እናታችንን አዩ። ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ምሰሶዬ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ሰው ይዟቸው አስቀመጣቸው።

ያኔ ነው ገመዱን ያሰብኩት። ተነስቼ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው እንዳለ ነው። ካውያዋ ማረፊያዋ ላይ ናት። ገመዱ ሚስማሩ ላይ እንደሰቀለው ተሰቅሏል። አወረድኩት። አንዱ ጫፍ ጃክ አለው፤ ሌላው የተቆረጠ ነው፣ ባዶ። ይዤው ወጣሁና እትዬ ፊት በርከክ አልኩ።

«እትዬ፣ ገመድዎን ልወስደው ነው።»

በእንባ አዩኝ፤ ገመዱንም አዩ። ትናንት እዚያው ነበሩ፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ውሰደው። ውሰደው ልጄ፣ ቶሎ ሂድ» አሉኝ።

ወደ ጊዮርጊስ በሚያወጣው ዳገት ሳጥን የሚሠሩ ሰው አሉ። ሰውነቴ ሲወጣ ይታወቀኛል እንጂ መንገዱን አላስታውስም። አናጢው በር ላይ እንጨት ይልጉ ነበር። ፊቴን አይተው መላጊያውን አስቀመጡ።

«እግዜር ያጽናህ። ማን ነው?»

«ወንድሜ ነው። ታላቄ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለዘጠኝ።»

«እንግዲያው ዝግጁውን ውሰድ፤ እዚህ አለ፤ ጥሩ ነው።»

ገመዱን ሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁመቱ ነው፣ ጋሼ።»

አልሳቁም። ገመዱን አነሱና ጃኩን አገላብጠው አዩ።

«ማን ለካው?»

«ራሱ።»

ነገርኳቸው። እየተሰናከልኩ ነው የነገርኳቸው፤ ስለ በሩ፣ ስለ እጁ፣ አባታችን ይሉት ስለነበረው። ሳልጨርስ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡና «እስቲ አንተ ዘርጋ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። ለኩኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስጠግተው ቁመቴን ለኩ። ሜትሩን ሁለቴ አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

«ግን አራት ጣት ትርፍ አለበት» አልኳቸው። «ለብየዳ ብሎ የተዋት።»

«ትኑርለት። እኛም ትርፍ እንተዋለን።»

ከዝግጁዎቹ ውስጥ ረጅሙን ጎትተው አወጡና ክዳኑን ገፉት። ገመዱን ከራስጌው ጀምረው ውስጡ ዘረጉት። ግርጌው ደረሰ፤ ገመዱ አላለቀም። ጫፉ እንጨቱን ተደግፎ ወደ ላይ ታጠፈ። ሁለታችንም አየነው። ወዲያው አንስተው ክዳኑን መለሱ።

«አይሆንም» አሉ። «በልኩ እሠራለታለሁ። ከስድስት በኋላ ሰው ይምጣ፤ ይደርሳል። ሌላውን ሥራ አቆየዋለሁ።»

ረጅም ጣውላ አመጡ። ገመዱን ላዩ ላይ ወጠርነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘን። የያዝኩት ያልተበየደውን ጫፍ ነው። ትናንት ደፉ ላይ ቆሞ ሲወጥረውም አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ በዚያኛው ጫፍ የነበረው እጅ ሲጎትት ይሰማኝ ነበር። አናጢው ጆሯቸው ላይ የነበረውን እርሳስ አውርደው ጣቴ ሥር መስመር አሰመሩ።

«በቃ፣ ልቀቀው» አሉኝ።

ለቀቅኩት። እሳቸውም ሊመልሱልኝ ብለው ገመዱን በመዳፋቸውና በክርናቸው መሐል መጠቅለል ጀመሩ፤ ሁሉም ሰው እንደሚጠቀልለው።

«ተው!» አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየን። አናጢው ደንግጠው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። እንደሱ አይጠቀለልም። ውስጡ ይጠመዘዛል።»

ተቀበልኳቸው። በሩ ላይ ቆሜ ዘረጋሁትና ከጃኩ ጀምሬ በመዳፌ ላይ ጠቀለልኩት፤ አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር፣ ገመዱ ራሱ መሄድ ወደሚፈልግበት። አንዴ ተሳሳትኩና ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። አናጢው መላጊያቸውን አንስተው ሥራ ጀምረዋል። ስጨርስ ያልተበየደው ጫፍ ከላይ ቀረ። ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩትና ዳገቱን ወረድኩ።